ከቀይ ባሕር የወጣው ዋናተኛ ሸርጣን

የዛሬው ዝግጅታችን ከኖረበት ባሕር ወጥቶ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ስለተገኘ አንድ ሸርጣን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በ2014 በደቡብ ቱኒዝያ፣ በጋቤስ ባሕረ ሰላጤ መረብ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆች የማያውቁት ሸርጣን ያወጡ ጀመር። የጀርባው ቅርፊት ሰፊ ነው፤ ግራና ቀኙ በረጅምና ሹል እሾህ ያበቃል። የወንዱ እግሮችና መቆንጠጫዎች ደማቅ ሰማያዊ ናቸው፣ ጀርባው ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ጣል ጣል ብሎበታል። ሴቷ ወደ ቡናማ አረንጓዴ ታደላለች። መጀመሪያ የተገኙት ጥቂት ነበሩ። ዓመታት ሳይቆጠሩ ግን መረቡን የሚሞላው እሱ ሆነ። መረብ ውስጥ የተያዘውን ዓሣ ይበላል፣ ክሩን ይበጣጥሳል፣ ከመረቡ ሊያላቅቀው የሞከረን እጅ ያደማል። ቄርቀና በተባሉት ደሴቶች ሰዎች የዘንባባ ዝንጣፊ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ እያጠሩ ዓሣ ያጠምዳሉ። ይህን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ጥበብ ዩኔስኮ በ2020 በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። አዲሱ ሸርጣን በእነዚህም ደሴቶች ዙሪያ ተዛመተ።

ዓሣ አጥማጆቹ «ዳዒሽ» የሚል ስም አወጡለት። ጊዜው ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ታጣቂ ቡድን ዓለምን ያስጨነቀበት ነበር፤ ዐረቦች ቡድኑን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። መረቡን በብድር የገዛ ሰው፣ ያ መረብ በአንድ ሌሊት ተበጣጥሶ ሲያገኘው ምን ያህል እንደሚመረር ከስያሜው መገመት ይቻላል።

ይህ ሸርጣን ከየት መጣ? መልሱ እስከ ቀይ ባሕር፣ ከዚያም አልፎ እስከ እኛው ዓባይ ድረስ ይወስደናል።

መጀመሪያ እንስሳውን እንወቀው። ሳይንሳዊ ስሙ ፖርቱኑስ ሴግኒስ ነው። ዋናተኛ ሸርጣኖች ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባል። ሸርጣን አምስት ጥንድ እግር አለው፤ የፊተኞቹ መቆንጠጫዎች፣ የሚከተሉት ሦስት ጥንዶች መራመጃዎች ናቸው። ዋናተኞቹን ልዩ የሚያደርጋቸው የኋለኛው ጥንድ ነው፤ ጫፉ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ እነዚህ ሸርጣኖች ባሕር ወለል ላይ ከመሄድ አልፈው ተነሥተው ይዋኛሉ፣ ዓሣም ያሳድዳሉ።

በወንዞቻችንና በጅረቶቻችን ዳር ድንጋይ የገለበጠ ሰው የሚያውቀው ሸርጣን ከዚህ ይለያል። የእኛዎቹ የጨው አልባ ውኃ ሸርጣኖች የኋላ እግራቸው ለመራመድ እንጂ ለመዋኘት አልተሠራም። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን በአወላለዳቸው ላይ ነው። የወንዝ ሸርጣን የምትጥላቸው እንቁላሎች ጥቂት ናቸው፤ ከሆዷ ሥር ታቅፋቸው ቆይታ ሲፈለፈሉ የሚወጡት እግርና መቆንጠጫቸው የተሟላ ትንንሽ ሸርጣኖች ናቸው። ከእናታቸው ብዙ አይርቁም። ተራራ ወይም ደረቅ ሜዳ ከለያቸው አንዱ ወንዝ ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው ዝርያ ይዞ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቀይ ባሕሯ ዋናተኛ ግን በአንድ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር፣ ሲበዛም ከሚሊዮን የሚያልፍ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ሸርጣን የማይመስል፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግት እጭ ነው። እጩ በውኃው ውስጥ እየተንሳፈፈ፣ ቅርፊቱን በተከታታይ እየቀየረ ሳምንታት ያሳልፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሸርጣን ሆኖ ወደ ወለሉ የሚወርደው። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የሚመራው የባሕር ሞገድ ነው። ሞገዱ በወሰደው ይሄዳል፤ አብዛኛው ይሞታል፣ የተረፈው አዲስ ቦታ ይጀምራል። ዋናተኛ ሸርጣን ከተለመደ ክልሉ ውጭ ተገኘ የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ጉዞውን ያደረገው ብዙ ጊዜ ይህ እጭ እንጂ ትልቁ ሸርጣን እንዳልሆነ አስቡ።

ሸርጣኑን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔተር ፎርስኮል ነው። በ1761 ከኮፐንሃገን ተነሥቶ ወደ ዐረቢያ የተጓዘው የዴንማርክ ንጉሥ የጥናት ቡድን አባል፣ የታላቁ የሊኔየስ ተማሪ ነበር። ግብፅንና ስዊዝን አልፎ በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተጓዘ ዓሣውን፣ ሸርጣኑን፣ እፅዋቱን ሰበሰበ፣ ጻፈም። በ1763 ገና በወጣትነቱ በየመን ምድር በወባ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር፤ የጓደኛውን ማስታወሻዎች በ1775 ያሳተመው እሱ ነው። ዛሬ በቱኒዝያ ወደብ በቶን የሚመዘነው ሸርጣን የተገለጸው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ያየውን በትክክል ጽፎ ማስቀመጡ፣ ሞቶም እንኳ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዴት እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መንገዱ እንመለስ። እስከ 1869 ድረስ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራንያን የሚያሻግር የባሕር መንገድ አልነበረም። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። ያኔ ርዝመቱ 164 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነበር። ሲከፈት ግን እንስሳቱ ወዲያው አልጎረፉም። በቦዩ መካከል መራራ ሐይቆች የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ደረቅ ሸለቆ ሆነው ወፍራም የጨው ንጣፍ ተጋግሮባቸው ነበር። ውኃ ሲሞላባቸው ጨው ሟሟና የሐይቆቹ ውኃ ከባሕር ውኃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ሆነ። ይህን መታገሥ የሚችል ፍጡር ጥቂት ነው። አሥርት ዓመታት እያለፉ ጨዉ ታጥቦ ሲቀንስ በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በቦዩ ሰሜናዊ ክፍል ውኃው በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ወደ ሜዲትራንያን ስለሚፈስም፣ ከቀይ ባሕር ወደ ሰሜን የተሻገረው ፍጡር ከሰሜን ወደ ቀይ ባሕር ከወረደው እጅግ ይበልጣል።

ሸርጣናችን ከመጀመሪያዎቹ ተሻጋሪዎች አንዱ ነው። በ1898 በሜዲትራንያን በኩል በግብፅ ጠረፍ ተመዘገበ። በ1924 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች በመንሮ ፎክስ መሪነት ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠኑ፤ የትኛው እንስሳ የት ድረስ እንደደረሰ በየቦታው እየሰበሰቡ መዘገቡ። ሸርጣኑ በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ በሐይፋና በቱርክ እስክንድሩን ባሕረ ሰላጤ ታየ። በኋላ ፍራንሲስ ዶቭ ፖር የተባሉ የባሕር ሳይንቲስት ይህን ፍልሰት በቦዩ አስቆፋሪ በፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ስም ጠሩት። ዛሬ በዚህ መንገድ የገቡት ዝርያዎች ከ400 በላይ ናቸው።

አሁን ወደ ዓባይ። የአስዋን ግድብ ከመሠራቱ በፊት በየዓመቱ ክረምት ከእኛ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ፣ ጥቁር ዓባይ፣ ተከዜ፣ ሌሎቹም ወንዞች ጠራርገው ያመጡትን ውኃና ደለል ይዞ እስከ ሜዲትራንያን ይደርስ ነበር። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ከዓባይ ዴልታ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ጨውነቱ ይቀንስ፣ ውኃው ይደፈርስ፣ በደለሉ ምግብ ሳርዲን ይራባ ነበር። ከቀይ ባሕር የመጣ፣ የጨው ለውጥ የማይችል እንስሳ በዚህ ጎርፍ ፊት ማለፍ ይቸግረው ነበር። ጎርፉ የሚቆም የሚነሣ አጥር ነበር ማለት ይቻላል። ከ1964 ጀምሮ ግድቡ ውኃውን ማጠራቀም ሲጀምር ጎርፉ ቀረ። በ1962 ወደ 18,000 ቶን ይደርስ የነበረው የግብፅ የሳርዲን ምርት ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። አጥሩም አብሮ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀይ ባሕሩ ሸርጣን ጎርፉ ገና እየወረደ በነበረበት ጊዜ ተሻግሯል፤ የጨው መለዋወጥን በደንብ ይችላል። ስለዚህ ግድቡ አስመጣው ማለት ስሕተት ነው። ለብዙዎቹ ሌሎች ዝርያዎች ግን መንገዱን ካቀለሉት ነገሮች አንዱ የዓባይ ጎርፍ መቅረት እንደሆነ የባሕር ሳይንቲስቶች ያስረዳሉ። ጎንደር ወይም ጎጃም ላይ የዘነበ ዝናብ የሜዲትራንያንን እንስሳት ሲከላከል እንደኖረ ማወቅ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በትምህርት ቤት ዓባይን ስንማር ይህን የነገረን አልነበረም፤ ቢነገረን መልካም ነበር።

ሳይንቲስቶች አንድ እንግዳ ሸርጣን ሲገኝ «በእርግጥ እዚህ ደርሷል» የሚሉት እንዴት ነው? መነሻው ብዙ ጊዜ ዓሣ አጥማጅ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ አጠገብ፣ በ2000፣ ቻሪብዲስ ጃፖኒካ የተባለ የእስያ ዋናተኛ ሸርጣን የተገኘው በዓሣ አጥማጆች ነው። በየቀኑ አንድን ባሕር የሚያይ ሰው የማይገባውን ነገር ቀድሞ ያያል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። ቀጥሎ መለየት ይመጣል፤ ይህ ደግሞ በመልክ ብቻ የማይሆን ሥራ ነው።

ቱኒዝያ ጥሩ ማሳያ ናት። «ሰማያዊ ሸርጣን» የሚባሉ ሁለት እንግዶች አሏት። በደቡብ ያለው ከቀይ ባሕር የመጣው ነው። በሰሜን የባሕር ሐይቆች የተገኘው ሌላው ደግሞ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ተወላጅ፣ ካሊኔክቴስ ሳፒዱስ ነው። ሁለቱም ዋናተኛ ናቸው፣ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ከጎናቸው ረጅም እሾህ አላቸው። ሸርጣኑን ገልብጣችሁ የወንዱን ሆድ ስታዩ ግን ይለያሉ፤ የቀይ ባሕሩ ሆዱ ላይ የታጠፈው ክፍል ሦስት ማዕዘን ነው፣ የአሜሪካው ጫፉ ረጅምና ቀጭን ሆኖ የተገለበጠ ቲ ይመስላል። በመቆንጠጫው ክንድ፣ ከመዳፉ በፊት ባለው አንጓ ውስጠኛ ጎን የቀይ ባሕሩ እሾህ አለው፤ የአሜሪካው የለውም። የአሜሪካዋ ሴት ደግሞ የመቆንጠጫዎቿ ጫፍ ቀይ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሁለት የተለያዩ ወረራዎችን አንድ አድርጎ ይመዘግባል፤ አንዱ በቦይ፣ ሌላው ምናልባት በመርከብ ሲመጡ፣ መፍትሔውም አንድ ይመስለዋል።

ሊቃውንትም ይሳሳታሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የሜዲትራንያኑ ሸርጣን ፖርቱኑስ ፔላጊኩስ እየተባለ ይጻፍ ነበር። በ2010 ተመራማሪዎች ከየሙዚየሙ የተጠራቀሙ ናሙናዎችን አውጥተው፣ ቅርጻቸውንና ዘረመላቸውን ሲያወዳድሩ፣ አንድ የተባለው በእርግጥ አራት ዝርያ ሆኖ ተገኘ። የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖሱ፣ የፋርስ ባሕረ ሰላጤውና የቀይ ባሕሩ ፎርስኮል የጻፈው ፖርቱኑስ ሴግኒስ ነው ተባለ። ስሙ የታረመው አሮጌ ናሙና በብልቃጥ ተጠብቆ ስለቆየ ነው። ፎቶግራፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን ማንሣት እንኳ አይቻልም ነበር።

ዝርያው ከታወቀ በኋላም አንድ ሸርጣን መገኘቱ መኖሪያ አበጀ ማለት አይደለም። መርከብ ላይ ተጣብቆ የመጣ፣ ከገበያ አምልጦ የገባ ሊሆን ይችላል። እንቁላል የታቀፈች ሴት፣ በተለያየ ዕድሜ ያሉ ትንንሾች፣ በተከታታይ ዓመታት ተደጋግሞ መታየት፤ እነዚህ ሲሟሉ ነው መራባት የሚባለው።

በዚህ ነገር ላይ በጣም የሚያሳስበኝ በመጀመሪያው መታየትና በመዛመቱ መካከል ያለው ረጅም ጸጥታ ነው። የቀይ ባሕሩ ሸርጣን ከ1898 እስከ 2014 ድረስ በምሥራቁ ሜዲትራንያን በሰላም የሚኖር ይመስል ነበር። የአሜሪካው በ1949 በቬኒስ አጠገብ ተመዘገበ፤ የጣልያን ፖ ወንዝ ዴልታ ግን በ2023 ነበር በእርሱ የተጥለቀለቀው። የዴልታው ነዋሪዎች በልዩ እንክብካቤ የሚያረቡት ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎል በሸርጣኑ መቆንጠጫ እየተሰነጠቀ አለቀ፤ መንግሥት በነሐሴ ወር 2.9 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። ከሰባ ዓመት በላይ ማስጠንቀቂያ ነበር። ባሕሩ ሲሞቅ፣ ሸርጣኑን የሚበሉት እንስሳት ሲመናመኑ፣ ጸጥ ብሎ የቆየው ይነሣል። የመጀመሪያው ምዝገባ የሚሰጠው ስጦታ ጊዜ ነው፤ ጊዜውን ለመጠቀም ግን በየዓመቱ ተመልሶ ማየትን፣ የዓሣ አጥማጁን ወሬ በቁም ነገር መስማትን ይጠይቃል።

እኛም ይህን በሌላ መልኩ አይተነዋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የእምቦጭ አረም ጣና ሐይቅ ላይ በ2011 ሲታወቅ ጥቂት ቦታ ብቻ ነበር የያዘው። በኋላ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ቱኒዝያውያን ምን አደረጉ? መጀመሪያ ላይ ማጥፋት ፈለጉ፤ አልሆነም። ከዚያ የዓሣ አጥማጁና የመንግሥቱ አመለካከት ተቀየረ። ልዩ ወጥመድ ተሠራ፣ አጥማጆቹ የማጥመጃውን ዘዴ ተማሩ፣ ከ2017 ገደማ ጀምሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ሸርጣኑ በበረዶ ተቀዝቅዞ ወደ እስያ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይላካል። ትናንት የረገሙትን ዛሬ ይሸጡታል። በዚህ ብዙ ቤተሰብ ተጠቅሟል፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፋብሪካ የቆመለት እንስሳ እንዲጠፋ የሚመኝ ሰው ይቀንሳል፤ ገቢው በእርሱ ላይ ከተመሠረተ በኋላ ሸርጣኑ እንዲበዛ እንጂ እንዲያንስ ማን ይፈልጋል? ስለዚህ መብላት ጉዳትን ያቃልላል፣ ወረራን ግን አያቆምም ብዬ አምናለሁ። ወረራ የሚቆመው ከመግቢያው ነው። መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ከአንዱ ወደብ ሞልተው ሌላው ወደብ ላይ የሚደፉት ውኃ በሺዎች ለሚቆጠሩ እጮች ማጓጓዣ ነው። ይህን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ተፈርሞ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። የስዊዝ ቦይ በበኩሉ በ2015 ተጨማሪ መስመር ሲከፈትለት በርካታ የባሕር ሳይንቲስቶች ተቃውሟቸውን ጽፈዋል፤ መራራ ሐይቆቹ በጥንት ጨዋማነታቸው ያደርጉት የነበረውን አጥር በሌላ ዘዴ እንዲተኩት ጠይቀዋል።

በመጨረሻ ለአንዳንዶቻችሁ የሚሆን ተግባራዊ ነገር ላንሣ። ከአድማጮቻችን መካከል በሐይፋና በአሽዶድ፣ በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌትና በዱባይ የምትኖሩ አላችሁ። ሸርጣን በብዙ ቤቶቻችን የሚበላ ባይሆንም፣ በሥራችሁ ያጠባችሁ ወይም ያበሰላችሁ ትኖራላችሁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ጉብጉብ» የሚባለው ይኸው ሸርጣን ነው፤ በዚያ አገሬው ነው፤ በሐይፋና በቤይሩት ግን መጤ ነው። በባሕር ዳርቻ ወይም በጀልባ ላይ ሥራችሁ ሆኖ የማታውቁት ሸርጣን ካገኛችሁ፣ ከጀርባው፣ ከሆዱና ከፊቱ ፎቶ አንሡት፤ መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አስቀምጡ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ በምን እንደተያዘ ጻፉ። ወደ ባሕሩ አትመልሱት፤ በላስቲክ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡና ለአካባቢው የዓሣ ሀብት ቢሮ ወይም ለዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ክፍል ስጡ። እንቁላል ያቀፈች ከሆነች ያንን ለይታችሁ ተናገሩ፤ የሚቀበላችሁ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነውና።